አርባ አንደኛው ክንድ

መጋቢት 3 ቀን 1977

ወንድሜ ኦልጅራ ተመራማሪ ሰው ሁለት ደብተር ያስፈልገዋል ይል ነበር። አንዱ ያየውን የሚጽፍበት፣ ሌላው ያሰበውን የሚጽፍበት። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ተመራማሪ ሳይሆን ካድሬ ይሆናል ብሎ ሲስቅ፣ እማዬ ቀስ በል እያለች በማማሰያ ትከሻውን ትመታው ነበር። የመጀመሪያው ደብተር የእሱ ነው፤ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን አለው። ይሄኛው የእኔ ነው። የጂኦግራፊ ደብተር ነበረ፤ የፊቱን አሥራ ሁለት ገጽ ቀድጄ ጥያለሁ። አስተማሪው ከጠየቁኝ በግ በላው እላለሁ። በግ ስላለን ግማሹ እውነት ነው።

ትናንት አባባ ቀጄላ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ በሬ ካልጠፋባቸው በስተቀር ከላፍቶ ተነሥተው ጎፋ አይደርሱም። መጀመሪያ ሚሪንዳ ገዙልኝ። ከዚያ ኦልጅራ ጋምቤላ ላይ በወባ ማረፉን ነገሩኝ። የሕክምና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረ፤ ከጥር ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ልጆች ጋር ለሰፋሪዎች ቤት ሊሠራ ዘምቶ ነበር። ወረቀቱ የመጣው በቀበሌ በኩል ነው።

ሰማሁ፤ ከዚያ ሚሪንዳውን ጨረስኩት። እስከ ታች ድረስ። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። ጠርሙሱ መመለስ ስላለበት ይሆናል።

እማዬ አታውቅም።

መጋቢት 4

እድሩ ትናንት ከሥራ መልስ ተሰብስቦ ነበር። እኔም የቤቱ ወንድ ነህ ተብዬ ተጠራሁ፤ አባታችን ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው።

ግማሾቹ መርዶው ዛሬውኑ ይነገራት አሉ፤ ልጇ አፈር ውስጥ ሆኖ እናት እህል ልትቀምስ አይገባም ብለው። ግማሾቹ ደግሞ ጥር ላይ ቦኖ ሰልፍ ላይ እንስራዋን ይዛ መውደቋን አነሡ። ሐኪም ያኔ ደም ብዛት አለባት፣ ልቧም ደክሟል፣ ድንጋጤ አይስማማትም ብሏል። ድሬሰር ነገሪን አስጠሩ። ጋሼ ነገሪ ኪኒኗን እየዋጠች የላይኛው ቁጥር ከ150 በታች ከወረደ ትችለዋለች አሉ። እንደዚህ ሲሉ የኪኒን ቤት ሰው ሆነው ነው እንጂ እንደ ጋሼ ነገሪ ሆነው ስላልነበረ ሁሉም ተቀበለ።

አባባ ቀጄላ እጅ አስወጡ። የጓደኛዬ የኑሪ አባት ቃለ ጉባኤ ያዙ። የእማዬ ደም ብዛት ከ150 በታች እስኪወርድ መርዶው እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ማኅተምም ተመታበት። ከእድሩ ማኅተም በኋላ የእማዬ ደም ሥር የሚለው ምን እንደሆነ እንጃ።

ማን ይለካል ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በባዮሎጂ 52 ነው ያመጣሁት።

መጋቢት 5

ስለ ጥናቱ ልጻፍ። ሌላ ሌላውን ማሰብ አልፈልግም።

ደም ቅዳ ማለት ደም ከልብ ተቀብሎ ወደ ሰውነት የሚወስድ ቧንቧ ነው። ጤነኛው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ የታመመው እንደ ቦኖ ብረት ይደርቃል። ሲደርቅ ልብ እየታገለ ይገፋል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ሰውየውም ይወድቃል። የኦልጅራ ጥያቄ ይሄ ነበር፦ እያረሰ ያለ የላፍቶ ሰውና እርሻውን ትቶ የፋብሪካ ዘበኛ የሆነ የላፍቶ ሰው ደም ቅዳቸው እኩል ይደርቃል ወይ? አርባ ሰው መዘገበ፤ ሃያ ገበሬ፣ ሃያ ከእርሻ የወጣ። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጊዜ ይለካል፤ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ውስጥ፣ ከፋሲካ በኋላ። የመጀመሪያውን ዙር ጨርሶ ነው የዘመተው። ሁለተኛውን አደራ ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። መለኪያውን ከአስተማሪው ነው የተዋሰው። ሜርኩሪውን፣ መንፊያውንና ማዳመጫውን ሰፈሩ ባንድ ላይ "ግፊቱ" ብሎ ይጠራዋል። "ግፊቱ መጣ" ሲባል ልጆች ከኋላዬ ይሰለፋሉ።

ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሕግ ጽፏል። አንደኛ፦ ተለኪው አምስት ደቂቃ ሳይናገር ይቀመጥ። ሁለተኛ፦ ክንዱ ይራቆት። ሦስተኛ፦ ያየኸውን ጻፍ፤ የፈለግኸውን አይደለም።

ከአርባው ሰው በታች በእርሳስ አንድ መስመር አለ።

"41። በንቲ። አኩርፏል። ስመለስ።"

ያኮረፍኩት በሹራብ ነው። እማዬ ለእኔ የሠራችውን ሰማያዊ ሹራብ ሳይጠይቀኝ ሻንጣው ውስጥ ከተተው። ጋምቤላ እሳት ነው ይባላል፤ እዚያ ሹራብ ምን ያደርግለታል? ክንድህን አምጣ ሲለኝ ሹራቤን አምጣ አልኩት። አውቶቡስ ተራም አልሸኘሁትም።

መጋቢት 6

በጉን ለካነው። የኑሪ ሐሳብ ነው። ኑሪ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ሁሉንም ያውቃል፤ አሳዝኜዋለሁ መሰለኝ፣ ሲያዝን ደግሞ ሐሳብ ይበዛበታል።

በጉን እማዬ የምታደልበው ለኦልጅራ ነው፤ ለፋሲካ ፈቃድ አገኛለሁ ብሎ ጽፎላት ነበር። የመለኪያውን ጨርቅ የፊት እግሩ ላይ ጠቀለልንለት። ውጤት፦ ላይኛው 90 ወይም 210። በጉ አምስት ደቂቃ ሳይናገር ሊቀመጥ አልቻለም። ኑሪ ጆሮው ላይ እንሞክር ሲል በጉ ቱቦውን አኘከው። ብስክሌት ጠጋኙ ጋ ሮጠን አስለጠፍነው። ጠጋኙ ይሄ የምን ጎማ ነው አለን። ኑሪ የልብ ነው አለው።

ሳቅኩ። ከዚያ መሳቄ ትዝ አለኝ።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ጎህ ሳይቀድ አምስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በራችን ላይ ቆሙ። ስምምነታችን እኔ እማዬን ለክቼ በጓሮ በኩል ወጥቼ ቁጥሩን እንድነግራቸው ነው። ለእማዬ ጥናቱ በማለዳ ነው የሚሠራው ብያታለሁ። ለካኋት፤ 172/104። ወጥቼ በሹክሹክታ ተናገርኩ። ተመልሰው ሊሄዱ ዞር ሲሉ እማዬ የፊቱን በር ከፍታ ወጣች።

በላፍቶ አምስት ሽማግሌ በማለዳ በአንድ ሰው በር ላይ ከቆመ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እማዬ የበሩን እንጨት ያዘች። አባባ ቀጄላ ቀና ብለው አጥራችንን አዩት።

"ወርቄ፣ አጥርሽ ዘሟል፤ ልናቆመው ነው የመጣን" አሉ።

በዚህ ሰዓት ወይ አለች። ሥራ በጠዋት ነው አሏት። ከዚያ በኋላ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። አምስት ሽማግሌ ጋቢያቸውን አውልቀው እስከ አራት ሰዓት አጥር ሠሩ። የኑሪ አባት አውራ ጣታቸውን በመዶሻ መቱ። አባባ ዋቅጅራ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ችካል ሲተክሉ እንባቸው ይወርድ ነበር፤ አቧራ ነው አሉ። እማዬ ሻይ አፍልታ አጠጣቻቸው፤ ለኦልጅራ እጽፍለታለሁ፣ ሰፈሩ እንዲህ እንደሚያስብልኝ ይወቅ አለች።



መጋቢት 10

ሰፈሩ ውስጥ የዓይን ሕመም ገብቷል እያልን ነው። እማዬ በሄደችበት ሁሉ ዓይኑ የቀላ ሰው ታገኛለች። እኔም ይዞኛል ብያለሁ። ቴትራሳይክሊን ቅባት ገዝታ ሁለቱንም ዓይኔን ቀባችኝ፤ ጥቁር ሰሌዳው ሳይታየኝ ዋልኩ።

ችግሩ እትዬ ዘነቡ ናቸው። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ኦልጅራን በጀርባቸው ያዘሉት እሳቸው ናቸው። ጥቁር ለበሱ። አውልቁ ቢባሉ እንቢ አሉ። እማዬ ማን ሞተብሽ ስትላቸው አጎቴ አሉ። የት? ቡታጅራ። ስማቸው ማን ነበር? ደንግጠው መዝገቡ አሉ። መዝገቡ የገዛ ባላቸው ስም ነው፤ ሱቁ ውስጥ ስኳር እየመዘኑ ነበር። ሁለት መዝገቡ ነበሩን አሉ።

እማዬ ለቅሶ ልድረስ አለች።

መጋቢት 13

የዛሬውን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ።

እማዬ ለቅሶ እደርሳለሁ ካለች የሚያቆማት የለም። ስለዚህ እድሩ በሌለው አጎት ስም እትዬ ዘነቡ ቤት ለቅሶ ሊያስቀምጥ ግድ ሆነበት። ድንኳን ይተከል ወይስ አይተከል የሚል ክርክር ተነሣ፤ በደንቡ አጎት ድንኳን አያስተክልም፤ አባባ ቀጄላ ደንቡን ለሌለ ሰው አናፈርስም አሉ። ወንበር ብቻ ወጣ።

ከእማዬ ጋር ገባሁ። መንደሩ ሁሉ እዚያ ነበር። እማዬ ስትገባ እትዬ ዘነቡ አዩዋትና ጮኹ፤ ያን ጊዜ ቤቱ ተነሣ። እኔ ለቅሶ አውቃለሁ፤ የአባቴንም አይቻለሁ። እንደዚህ ሲለቀስ ግን አይቼ አላውቅም። አሥር ቀን ሙሉ የታፈነ ነገር ነው። ጎረምሶቹ፣ የኦልጅራ የኳስ ጓደኞች፣ የሰፈሩ ሹፌር ሁሉ። ባልየው መዝገቡ በገዛ ስማቸው ሲለቀስ ጥግ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ። እማዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ አጎትየው ምን ያህል የተወደዱ ሰው ነበሩ አለችኝ።

ከዚያ አባባ ቀጄላ ስለ ሟች ሊናገሩ ተነሡ። ዝግጅት አልነበራቸውም። ስለ ባሕርዩ ተናገሩ፤ ስለ ትሕትናው ተናገሩ፤ በመጨረሻም፣

"ምን ያደርጋል፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ ቀረ" አሉ።

እማዬ ቀና አለች። አጎትየው ሰባ ዓመታቸው ነው ተብላ ነበር።

"ስንተኛ ክፍል ነበሩ?"

ኑሪ ከበሩ ጋ፣ "መሠረተ ትምህርት" አለ።

ኑሪ በሒሳብም እንዲህ ፈጣን ቢሆን ኖሮ። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። እሷም ማንበብና መጻፍ የቻለችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ሰርተፊኬቷ ግድግዳ ላይ አለ። ታዲያ በዚህ ዕድሜያቸው መጀመራቸውም ትልቅ ነገር ነው አለች።

እኔ ራሴን መያዝ አቃተኝ። አባባ ቀጄላ ትምህርቱን ሲሉ ጀምሮኛል። መጀመሪያ ሳቅ ነበረ፤ ኑሪ መሠረተ ትምህርት ሲል ሊያመልጠኝ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ሁለት ሰው ያዘኝ። እማዬ መጣችና ፊቴን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

"ታውቃቸው ነበር እንዴ?"

"አዎ።"

"ምን አድርገውልህ ነው እንዲህ የምትሆነው?"

"ሹራቤን ወሰደብኝ" አልኩ።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ነጠላዋ ፊቴ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሄዳ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠችና ለአጎትየው እስኪመሽ አለቀሰች። እማዬ ለሰው ሐዘን እንዲህ ነች። ተርፌያለሁ።

መጋቢት 14

176/106። ፈራሁ። ተኚ አልኳት። ትናንት ለአጎትየው ብዙ ስላለቀስኩ ነው አለች። ኪኒኗን እፊቴ ዋጠች። ጨው የለም። ነጭ ሽንኩርት ከየቤቱ እየመጣ ነው፤ ቤታችን ይሸታል፤ ኑሪ በር ላይ ቆሞ ነው የሚያናግረኝ።

ዛሬ ከኦልጅራ ደብዳቤ መጣ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ጎሽ።

መጋቢት 17

138/88።

ሁለቴ ለካሁ። ሁለተኛው 136 ነው።

ሽማግሌዎቹ ውጭ ነበሩ። ጥቁር ደብተሩ ላይ 138 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በጓሮ ወጥቼ ለአባባ ቀጄላ 168 አልኳቸው። ሊሄዱ ሲሉ እማዬ ወጣች። ዛሬስ ደግሞ ምኑ ዘመመ አለች። አባባ ቀጄላ አጥሩን አዩት፤ ቀጥ ብሏል። ቀና ብለው ባሕር ዛፎቹን አዩ። ዛፍ ልንቆጥር ነው አሉ። አምስት ሽማግሌ ዛፍ ቆጠረ። 62 ነው። አባባ ዋቅጅራ 61 ነው ብለው እንደገና ተቆጠረ።

መጋቢት 18

ስለ ትናንቱ ምክንያቴን ልጻፍ። ኦልጅራ ያለው ያየኸውን ጻፍ ነው፤ ያየኸውን ተናገር የሚል ሕግ የለም። ጽፌያለሁ። ደግሞ አንድ ቀን ወረደ ማለት ወረደ ማለት አይደለም፤ በጉ ያኘከው ቱቦ አየር ሊያስወጣ ይችላል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ይቆያል። ይሄ ለእማዬ ልብ ነው።

ውጭ የወጣሁ እንደሆነ ሰው ሁሉ ነፍሱን ይማር ይለኛል። ቤት ስገባ አልጋው ተነጥፏል፤ እማዬ ትራሱን ታራግፋለች፤ በጉ ለእሱ እየደለበ ነው። ይሄን የጻፍኩት እንዲሁ ነው፤ ከጥናቱ ጋር አይገናኝም።

ይህን ደብተር ዶሮዋ የምታቅፍበት ቅርጫት ውስጥ ነው የምደብቀው። ዛሬ ስመለስ ተገልብጦ አገኘሁት፤ ዶሮዋም በሌላ በኩል ተቀምጣለች። ዶሮ ምን ያህል እንደምታስቸግር ያላሳቀፈ አያውቅም። እማዬ ብታገኘው እንኳ የእኔን ጽሕፈት ማንበብ አትችልም፤ አስተማሪዎቼም አልቻሉም።

መጋቢት 20

ሁለተኛውን ዙር ጀመርኩ። ላፍቶ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሳይናገር የሚቀመጥ ሰው የለም። ሞክሬያለሁ። አባባ ዋቅጅራ አፋቸውን ዘግተው በእጃቸው ይነግሩኛል። የፋብሪካ ዘበኛው ጋሼ ሮበሌ ሦስት ደቂቃ ችለው ነበር፤ ተኝተው ነው። እትዬ አማከለች መንፊያውን ስጨምቀው እየሳቁ ክንዳቸውን ነጠቁኝ። ብዙዎቹ ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እንባ መጣባቸውና ቁጥሩ ወደ ላይ ዘለለ። ጥቁሩ ደብተር ላይ "ስላለቀሱ እንደገና ይለካ" ብዬ ጻፍኩ። ከአርባው ሰው አሥራ አንዱ ስላለቀሱ እንደገና ይለካሉ።

ኦልጅራ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመው ምን እንደሚያደርግ ልጠይቀው ብዬ አሰብኩ። እውነቴን ነው፤ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ እያሰብኩት ሄድኩ።

መጋቢት 22

ዛሬ የገረመኝ ነገር። ለካኋት፤ 134። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳላወጣ እማዬ ሜርኩሪውን እያየች፣

"ባለፈው ስንት ብለሃቸው ነበር?" አለችኝ።

ማንን አልኳት። አጥር ሠሪዎቹን አለች። 168 አልኳት።

"እንግዲያው ዛሬ 165 በል። ባንዴ አይወርድም፤ አያምኑህም።"

ከዚያ ተነሥታ ለበጉ ሣር ልታጭድ ሄደች።

ብዙ አሰብኩበት። እማዬ መዳኗ እንዲወራባት አትፈልግም፤ ቡዳ ትፈራለች። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። አባባ ቀጄላን ጎፋ መንገድ ላይ አግኝቼ 165 አልኳቸው። ጥሩ ነው፣ እየወረደ ነው አሉኝ።

መጋቢት 25

እድሩ ወሰነ። ቅዳሜ ነው። ከዚያ ወዲያ ሕማማት ይገባል፤ በሕማማት ፍትሐት የለም። ከዚያ ፋሲካ ነው፤ እናት ልጇ በሌለበት በግ አርዳ ልትፈስክ ነው ወይ ተባለ። ቁጥሩ ቢወርድም ባይወርድም ቅዳሜ ጋሼ ነገሪ የራሳቸውን መለኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ካልወረደ መርፌ ተዘጋጅቶ ይነገራል።

የራሳቸውን መለኪያ።

መጋቢት 27

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። በባዮሎጂ 52 ያመጣ ሰው አሥር ቀን ሙሉ አምስት ሽማግሌ አታለለ። ነገ ይጋለጣል። መጋለጡ ግን አይደለም የሚያስፈራኝ። 138 ያየሁ ቀን ቢነግሯት ኖሮ ቢያንስ በጉን ለሌላ ሰው ታደልብ ነበር። ወይስ 138 ውሸት ቢሆንና ብትወድቅስ? ሁለቱም በእኔ ነው።

ኑሪን ጠየቅኩት። ለምን 168 አልክ አለኝ። ለጥንቃቄ አልኩት። ኑሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳብ አልመጣለትም። ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ሳይናገር።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ከሁለት ሰዓት በፊት የሆነውን አሁን እየጻፍኩ ነው። ውጭ ለቅሶው አለ፤ ለጊዜው የጓሮ ክፍል ውስጥ ነኝ።

ገና ጨለማ ሳለ እማዬ ቀሰቀሰችኝ። ለብሳለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበች፤ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔ ሰዓት እያየሁ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ ሞላ። በላፍቶ ምድር ሕጉን እስከ መጨረሻው የጠበቀች የመጀመሪያዋ ሰው እማዬ ናት።

መንፊያው ሁለቴ አመለጠኝ። 132/84።

"ዛሬ ያየኸውን በል" አለችኝ።

ልክ እንደ ሕጉ። ጥቁሩን ደብተር ራሷ ከመደርደሪያ አውርዳ ከፈተችልኝና ጻፈው አለች። ጻፍኩት። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አወለቀች፤ ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አዘቅዝቃ፣ እንደ ሐዘንተኛ፣ አጣፋችው። ይሄን ስታደርግ አታየኝም ነበር። እኔ ምንም አልነገርኳትም። ማንም አልነገራትም።

በሩን ከፈተች። አምስቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ስድስተኛው ጋሼ ነገሪ ሣጥናቸውን ይዘው። አባባ ቀጄላ እኔን አዩኝ፤ 132 አልኩ። ከዚያ ነጠላዋን አዩና ሊሉ ያዘጋጁት ሁሉ ጠፋባቸው። ዓይናቸው አጥሩ ላይ ሄደ፤ ከአጥሩ ዛፎቹ ላይ።

"አጥሩ ቆሟል፣ አባባ። ዛፉም ተቆጥሯል" አለች እማዬ። "ግቡ።"

ገቡ።

አልወደቀችም። የማውቀው ይህንን ነው። ጮኸች፤ እትዬ ዘነቡ ከማዶ በባዶ እግራቸው መጡ፤ ግን አልወደቀችም።

ሚያዝያ 2

ድንኳን ተተክሏል። በደንቡ ለልጅ ይተከላል። ሰው በጣም ብዙ ነው፤ ግን የአጎትየውን ለቅሶ ያህል ጩኸት የለም። እትዬ ዘነቡ ድምፃችንን በአጎቴ ጨረስነው አሉ፤ እማዬ ሳቀች፤ ሴቶቹ ደነገጡ፤ ከዚያ እነሱም ሳቁ። ሐዘን ቤት ውስጥ እንዲህ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም። እድሩ ይቅርታ ጠይቆ ለእትዬ ዘነቡ አጎት ጉዳይ የተያዘውን ቃለ ጉባኤ ሊሰርዝ ነው። እማዬ ይተውት፣ ደግ ሰው ነበሩ አለች።

ጋሼ ነገሪን ጓሮ አግኝቼ 168 ስል የዋልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። በዚያ ሳምንት ኪኒኑ እንዲሠራ ጊዜ አገኘ አሉኝ። ከዚያ ኦልጅራ ሹራብ ጋምቤላ ይዞ መሄዱን ነገርኳቸው፤ ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም። ወባ ሲነሣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሰውን በብርድ ያንቀጠቅጠዋል አሉ፤ የሚደረብ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው አሉ።

ይሄን ሦስት ጊዜ ደግመው እንዲነግሩኝ አድርጌያቸዋለሁ።

ማታ ወንበር ስንሰበስብ እማዬ አጠገቤ መጣች። "ሚሪንዳውን ስለጨረስክ ምንም የለበትም፤ የጠማው ሰው ይጠጣል" ብላኝ አለፈች። ማን እንደነገራት አላውቅም። አባባ ቀጄላ ይሆናሉ፤ ሽማግሌ ሚስጥር አይችልም።

ዶሮዋ ጫጩቶቿን ፈልፍላ ወጥታለች፤ ደብተሩ ግን አሁንም ይገለበጣል።

ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ። በጉ አለ። ለአርባ ቀኑ ይታረዳል ተብሎ ነበር፤ እማዬ በምስር ነው የማደርገው አለች። በጥቁሩ ደብተር መጨረሻ ላይ አርባ ሁለተኛ አድርጌ መዝግቤዋለሁ፤ ማብራሪያ፦ "ቱቦ ይበላል።"

ሻንጣው ከቀበሌ መጣ። ሹራቡ ከላይ ነበር። ታጥቧል፤ ማን እንዳጠበው አይታወቅም። እጅጌው ተለጥጧል፤ ክርኑ ላይ አንድ ቦታ በሌላ ቀለም ክር ተወትፏል፣ በጣም በመጥፎ ስፌት። የኦልጅራ ስፌት ነው። ሐኪም ሲሆን ሰው እንዴት ሊሰፋ እንደነበር አላውቅም።

ሦስተኛውን ዙር ዛሬ ጨረስኩ። አርባውም። ማንም አላለቀሰም፤ አባባ ዋቅጅራ ብቻ፣ እሳቸውም አቧራ ነው። ገበሬዎቹና ዘበኞቹ እንዴት እንደሆኑ ደምሬ ለኦልጅራ አስተማሪ እወስድላቸዋለሁ፤ መለኪያውንም እመልሳለሁ። እሱን ልጠቀልል ስል እማዬ ቆይ አለችኝ።

ተቀመጥ አለችኝ። ሹራቡን ለብሼው ነበር። እጅጌውን ሰበሰበችልኝ፤ በተለጠጠበት በኩል በቀላሉ ወጣ። ጨርቁን ክንዴ ላይ ጠቀለለችው፤ ከወር በላይ ስታየኝ ስለነበር አልተሳሳተችም። አምስት ደቂቃ ሁለታችንም ዝም አልን። በጉ ከውጭ ጮኸ፤ አልቆጠርነውም። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። እሷ ነፋች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ መጣ፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። በራሴ ክንድ ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

አሁን አልኳት። አንድ መቶ አሥራ ስምንት አለች፣ ሜርኩሪውን አንብባ። ድምፁ ሲጠፋ እንደገና አሁን አልኳት። ሰባ ሁለት።

ጥቁሩን ደብተር ወደ ራሷ ሳበችና እርሳስ አምጣ አለች። እኔ ልጻፈው ብላት እንቢ አለች። በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ትልልቅ ፊደል፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ "አኩርፏል። ስመለስ።" ከሚለው ጎን ቁጥሮቹን ጻፈች። ቀና ብላ ማብራሪያው ላይ ምን ልበል አለችኝ። ጥቂት አሰበችና እርሳሱን እንደገና አወረደች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ስትጨርስ ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው።

"118/72። ታርቀዋል።"